ከካምፕ የተረፉትን አራት ደብተሮች እናድን፦ የድጋፍ ጥሪ

ሰላም ወገኖች፣ በተለይ ሲያትልና አካባቢዋ ያላችሁ፣ እባካችሁ እስከመጨረሻው አንብቡልኝ።

ጎረቤቶቻችን የሆኑ የጃፓን ዘር ያላቸው ቤተሰቦች ቤት አያታቸው በሁለተኛው የአለም ጦርነት ጊዜ እዚህ አሜሪካ እስር ካምፕ ሆነው የጻፉት የእለት ማስታወሻ አለ፣ አራት የተማሪ ደብተር፣ ሁሉም በእርሳስ። ከቤተሰቡ የሚያነበው ሰው የለም። ጃፓንኛ የሚችል ወጣት ብታመጡም ያው ነው፣ የድሮው የእጅ ጽሁፍ ፊደሉ እርስ በርሱ የተያያዘ ነው፣ ፊደሎቹም ከጦርነቱ በኋላ እንዲቀሉ ስለተደረገ የሚያነበው ልዩ ባለሙያ ነው፣ ክፍያውም በገጽ ነው።

ለማታውቁት ባጭሩ፣ ጃፓን የአሜሪካን ባህር ሃይል ሰፈር ፐርል ሃርበርን ከደበደበች በኋላ ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ፌብሩዋሪ 1942 ላይ በፈረሙት ትእዛዝ ወደ 120,000 የሚጠጋ የጃፓን ዘር ያለው ሰው ከዌስት ኮስት ተነቅሎ ካምፕ ገባ፣ ከሶስቱ ሁለቱ እዚሁ የተወለዱ ዜጎች ናቸው። እኚህ አያት ግን እንደኛ ከሀገራቸው የመጡ ናቸው፣ እስከ 1952 ድረስ ደግሞ ህጉ ከጃፓን ለመጡ ሰዎች ዜግነት አይሰጥም ነበር። የሲያትሎቹን መጀመሪያ ያጎሯቸው እዚሁ ሲያትል አጠገብ፣ ፑያለፕ ነው፣ ዛሬ ልጆቻችንን ፌር የምንወስድበት ሜዳ ላይ ማለት ነው፣ ከዛ በዛው አመት ኦገስትና ሴፕቴምበር ላይ አይዳሆ፣ ሚኒዶካ በረሃ ወሰዷቸው።

ለሙከራ ከተተረጎመው አንዱ ገጽ ሙሉውን ስለ አቧራ ነው። ቤቱ በችኮላ በእርጥብ እንጨት ስለተሰራ ጣውላው ሲደርቅ ይከፈታል፣ ባለቤታቸው ማታ የጠረጉትን ጠዋት እንደገና ይጠርጋሉ፣ ህጻኑ ሲተኛ አልጋው ላይ እርጥብ ጨርቅ ይዘረጋሉ። ስለ ፖለቲካ አንዲት ቃል የለችም፣ ለኔ ግን ከስንት የታሪክ መጽሀፍ በላይ ነገረኝ።

ከፐርል ሃርበር በኋላ፣ ካምፕ ሳይገቡ በፊት፣ ኤፍቢአይ ቤት ለቤት ሲፈትሽ ብዙ ቤተሰብ ደብዳቤውን፣ ፎቶውን፣ በጃፓንኛ የተጻፈ ነገር ሁሉ አቃጥሏል። ይሄን ለኛ ሰው ማን ያስረዳዋል፣ በቀይ ሽብር ጊዜ አሰሳ መጣ ሲባል ስንት ቤት ነው መጽሀፍና ደብዳቤ ምድጃ የገባው፣ ዛሬ ልጆቻችን ሲጠይቁን የምናሳያቸው ወረቀት ያጣነው እኮ ለዛ ነው። እኚህ ሰው ያን ሁሉ አይተውም ነው የጻፉት።

ወረቀቱ ርካሽ ስለነበር ጠርዙ ሲነካ ይፈረፈራል፣ መሀሉን የያዘው ሽቦ ዝጎ አጠገቡ ያለውን መስመር እየበላው ነው፣ እርሳሱም ገጽ ከገጽ ሲፋተግ ደብዝዟል። መጀመሪያ ሽቦው ይወጣል፣ በደንብ ስካን ይደረጋል፣ አሲድ በሌለው ሳጥን ይቀመጣል፣ ከዛ ወደ እንግሊዝኛ ይተረጎማል። የተመረጡ ገጾችን ወደ አማርኛ የምንመልሰው እኛ ነን፣ በነጻ። ደብተሮቹ ከቤተሰቡ አይወጡም፣ ስካኑና ትርጉሙ ግን ለማንም ክፍት ይሆናል።

10 ዶላርም ትሁን፣ የቻላችሁትን። ጎፈንድሚው በቤተሰቡ ስም ነው የተከፈተው፣ ሊንኩን በኢንቦክስ ጠይቁኝ፣ ደረሰኝ ሁሉ ይለጠፋል። እቁብና ማህበር ያላችሁ በሚቀጥለው ስትገናኙ አንሱልን፣ ላይብረሪ ወይ ሙዚየም የምትሰሩ ካላችሁ ደግሞ ምክራችሁንም እንፈልጋለን። ሽቦ ማውጣቱና ስካኑ የሚጀመረው የባለሙያው ቅድመ ክፍያ ሲሞላ ነው፣ ቅድሚያ የሚሰጠው ደግሞ በጣም ለተጎዳው ለሶስተኛው ደብተር ነው።