የዓባይን ልጅ ውሃ ሲጠማው
የባዮሎጂ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

መስከረም ላይ የጸደቀው ዕቅዳችን ብዙ ተራ ቁጥር ነበረው። ሰብሳቢና ጸሐፊ መርጠናል፤ ለሚኒ ሚዲያ ጽሑፍ ሰጥተናል፤ ችግኝም ተክለናል፣ ግማሹን ፍየል በላው እንጂ። የቀረውን ዓመት የወሰደብን ግን አንድ ጥያቄ ነው፤ ስለዚህ ዘገባዬም በእሱ ላይ ያተኩራል።

ጥያቄውን ያነሳችው የ10ኛ ክፍል ልጅ ናት። ልብ በእረፍት ጊዜ በደቂቃ 5 ሊትር ያህል ደም እንደሚረጭ ሰሌዳ ላይ ጽፌ ዞር ሳልል፣ "ቲቸር፣ ልብ ራሱ ከየት ነው የሚጠጣው?" አለችኝ። ከጎኗ ያለው ልጅ ቀደመኝ፦ "ደሙ በውስጡ እያለፈ ምን ቸግሮት!" የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው የሚባለው እዚህ ላይ ነው። የልብ ክፍሎች በደም ጢም ቢሉም፣ ከዚያ ደም በቀጥታ የሚደርሰው ለስሱ የውስጥ ገጽ ብቻ ነው። የግራው የታችኛው ክፍል ግድግዳ 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይወፍራል፤ ኦክስጅን በራሱ ሰርጎ ያን ያህል አይዘልቅም። እንቁራሪት በዚህ ትሻላለች፤ የልቧ ጡንቻ እንደ ስፖንጅ ክፍተት ስላለው ደሙ በየክፍተቱ እየገባ ያጠጣዋል። የእኛ ግን የራሱ ቧንቧ ያስፈልገዋል። በ13ኛው ክፍለ ዘመን ካይሮ የሠራው ሐኪም ኢብን አል ነፊስ፣ ልብ የሚመገበው በራሱ አካል ውስጥ በተዘረጉት ሥሮች ነው ብሎ ከእሱ በፊት የነበረውን ዝነኛ ሐኪም ኢብን ሲናን ሞግቷል። ይህን በሚኒ ሚዲያ ስናነብ ሰልፉ ላይ ጭብጨባ ነበር፤ ለኢብን አል ነፊስ ይሁን ለጽሑፉ ማለቅ አላጣራሁም።

እንግዲህ ቧንቧውን በዓይናችን እንየው ተባለ። የመጀመሪያውን የበግ ልብ ከፒያሳ ሥጋ ቤት ገዝተን ብንገለብጠው መሐሉ ተሰንጥቋል። የሥጋ መርማሪ ልብን ሰንጥቆ እንደሚያይ ያወቅነው ያኔ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ከልብ የሚወጣው ትልቁ ደም ቅዳ፣ አኦርታው፣ ከሥሩ ተቆርጦ ተጥሏል። ለበላተኛ ምንም አይደለም፤ እኛ የምንፈልገው ግን እሱን ነበር።

የካቲት መጨረሻ ላይ ሁዳዴና ረመዳን ገጠሙ። ያኛው ሥጋ ቤት ስለተዘጋ፣ ለአፍጥር ወደሚያርዱ አንድ አባት ሄድኩ። "ልቡን ከሳንባው ሳይለዩ ይስጡኝ፣ አናቱን እንዳይነኩብኝ" ስላቸው፣ "አብሽር መምህር፣ እንደ ሙሽራ ነው የማስረክብህ" አሉኝ። ቃላቸውንም ጠበቁ።

ረቡዕ ከሰዓት ላብራቶሪው ውስጥ ጾም ያልያዘ ልጅ አልነበረም። መስኮቱን ሁሉ ከፍተን አኦርታውን በመቀስ ቀደድነው። ሥሩ ላይ ኪስ የመሰሉ ሦስት የቫልቭ ክዳኖች አሉ፤ ከሁለቱ ጀርባ የምስር ፍሬ የምታክል አንዳንድ ቀዳዳ። ጸሐፊያችን ከቤቷ ባመጣችው ስንደዶ ብትነካት ስንደዶው ሹልክ ብሎ ገባ። ደም ከልብ እንደወጣ የመጀመሪያዎቹ ቅርንጫፎች እነዚህ ናቸው። በቀጭን ላስቲክ ቱቦና በሲሪንጅ የቀይ ሥር ውሃ በግራው ቀዳዳ ገፋን። ከነጩ ስብ ሥር ቀይ መስመር እየሮጠ ወረደ፤ አንዱ ክንድ በፊት ለፊት ቁልቁል፣ ሌላው ወገቡን ዙሮ ወደ ኋላ። ኮሮናሪ የሚለው የእነዚህ ሥሮች ስም ዘውድ ከሚለው የላቲን ቃል መምጣቱን ከዚያ በኋላ ማስረዳት አላስፈለገኝም።

ስህተቴን እዚህ ላይ ልናገር። መጽሐፉ ላይ ባለው የሰው ልብ ሥዕል፣ ከኋላ ቁልቁል የሚወርደው ሥር ከቀኙ ደም ቅዳ ይነሳል። አንዱ የ9ኛ ክፍል ልጅ ግን "ይሄ ከግራው ነው የመጣው" ብሎ ድርቅ አለ። መስመሩ ተምታቶብህ ነው ብዬ አለፍኩት። በሳምንቱ ሌላ ልብ ከፈትን፤ እንደዚያው ሆነ። ቤቴ ገብቼ ሳገላብጥ ልጁ ልክ ነበር፦ በብዙ ሰዎች ከቀኙ ይነሳል፣ በበግ ግን ከግራው ነው። ረቡዕ በሁሉም ፊት ይቅርታ ጠየቅሁት። ከዚያ ወዲህ የምለውን ሁሉ በስንደዶ ካልለካሁ ይላል።

ሌላው ያከራከረን ልብ መቼ ይጠጣል የሚለው ነው። ሲጨመቅ የሚል ነበር አብዛኛው። ውሃ የሚያወርድ ቀጭን ቱቦ በመዳፋቸው አስይዤ ጨብጡ አልኳቸው፤ ውሃው ቆመ። የግራው ግድግዳም ሲጨመቅ በውስጡ ያሉትን የገዛ ሥሮቹን ያንቃል፤ ድርሻውን በብዛት የሚያገኘው ሲላላ ነው። ልብ በደቂቃ 75 ጊዜ ሲመታ አንዱ ዙር 0.8 ሰከንድ ነው፤ ከዚያ 0.5 ያህሉ የመላላት ጊዜ። በ150 ምት ግን ሙሉው ዙር 0.4 ብቻ ይሆናል። ሥራው በዝቶ መጠጫው ያጥራል ማለት ነው። በዚያ ላይ የልብ ጡንቻ በእረፍትም ቢሆን ከሚደርሰው ኦክስጅን 70 በመቶ ገደማውን ይወስዳል፤ ሌላው አካል በአማካይ 25 በመቶውን። ተጨማሪ ሲፈልግ ሥሮቹን አስፍቶ ብዙ ደም ከማስገባት በቀር መላ የለውም፤ ጤነኛ ሥር ደግሞ እስከ አራትና አምስት እጥፍ ያሳልፋል።

ይህንኑ በወላጆች ቀን ልጆቹ ሲያስረዱ፣ ከኋላ ቆመው ይሰሙ የነበሩ አንድ አባት ጠጋ አሉና፣ "ልጄ፣ የጦሳን ዳገት ስጀምር ደረቴን ጭምቅ ያደርገኛል፤ አረፍ ስል ይተወኛል። ብርድ ነው እል ነበር" አሏት ለጸሐፊያችን። ልጅቷ ቱቦውን እንደጨበጠች ወደ እኔ ዞረች። በጠበበ ሥር ላይ ዳገት ሲጨመር የሚሰማው ስሜት እንዲህ ነው፤ እኔ ግን ሐኪም አይደለሁምና ሳያድሩ ሆስፒታል እንዲሄዱ ለመንኳቸው። ሄደው ተመርምረው መድኃኒት እንደጀመሩ ልጃቸው ነግራናለች።

ለመጪው ዓመት አስተባባሪ፦ በአልኮል ያስቀመጥነው አንድ ልብ መደርደሪያው ላይ አለ፣ ክዳኑ ይፈሳልና ይጠበቅ። ቀይ የጠጡትን ልቦች የጥበቃችን ውሻ አልበላም ብሏል። ልብ ስትገዙ ከነሳንባው በሉ።