ለችክችካ የሚሆን ማሽን የቱ ነው?

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በቅርቡ በኪነ ጥበብ ገጻችሁ ላይ የወጣ አንድ ጽሑፍ ሙዚቃ ለሚያቀናብር ወጣት ላፕቶፕ እንደሚበቃው፣ ያለ ኮምፒውተር ራሳቸውን ችለው የሚሠሩት ማሽኖች ግን የሀብታም አገር የቅንጦት ዕቃ እንደሆኑ አትቷል። እኔ ከኪቦርዱ ዘመን ጀምሮ በማቀናበር ሥራ የምተዳደር፣ ዛሬም ሳሪስ አካባቢ በምትገኝ ጠባብ ስቱዲዮ ከወጣቶች ጋር የምውል ሰው ነኝ። ጸሐፊው የጻፉት በቅን ልቡና እንደሆነ አልጠራጠርም። ነገር ግን ያላዩት ትልቅ ነገር ስላለ ዝም ብዬ ማለፍ አልሆነልኝም።

ለማያውቃቸው አንባቢ ላስረዳ። እነዚህ ማሽኖች ድምፅ ይቀዳሉ፣ የቀዱትን ይቆርጣሉ፣ ቁራጩን በጣት በሚመታ የጎማ ፓድ ላይ ያስቀምጣሉ፣ የተመታውንም በቅደም ተከተል ይዘው መልሰው ያጫውታሉ። የዛሬዎቹን መልክ ያስያዘው እ.ኤ.አ. በ1988 የጃፓኑ አካይ ኩባንያ ከአሜሪካዊው መሐንዲስ ከሮጀር ሊን ጋር ሆኖ ያወጣው ኤምፒሲ 60 ነው። ያኔ አራት በአራት የተደረደሩት አሥራ ስድስት ፓዶች እስከ ዛሬ ቦታቸውን አልለቀቁም። ከእሱ አንድ ዓመት ቀድሞ የወጣው ኤስፒ 1200 በጠቅላላ መያዝ የሚችለው 10 ሰከንድ ገደማ የሚሆን ድምፅ ነበር። የኒውዮርክ ልጆች በዚያች 10 ሰከንድ የሂፕ ሆፕን መልክ ቀየሩ። የዲትሮይቱ የሂፕ ሆፕ አቀናባሪ ጄ ዲላ ይሠራበት የነበረው ኤምፒሲ 3000 ዛሬ ዋሽንግተን ውስጥ በስሚዝሶኒያን የአፍሪካ አሜሪካውያን ታሪክና ባህል ሙዚየም ተቀምጧል። ማሽኖቹን ታላቅ ያደረጓቸው ባንድ የሚቀጥሩበት፣ ስቱዲዮ የሚከራዩበት ገንዘብ ያልነበራቸው ልጆች ናቸው። የቅንጦት ዕቃ መባላቸው ያሳመመኝም ለዚህ ነው።

ጸሐፊው አንድ ነገር ላይ ግን ልክ ናቸው፤ ልጆቻችን ገና ያልወጣ ማሽን በመጠበቅ ጊዜያቸውን እያጠፉ ነው። ወደ እኔ ዘንድ የሚመጡት ወጣቶች ወሬያቸው ሁሉ ስለሚቀጥለው ሞዴል ነው። ካሊፎርኒያ የሚካሄደው ናም የተባለው የሙዚቃ መሣሪያዎች ኤግዚቢሽን ሲቃረብማ ሥራ ቆሞ ሾልኮ ወጣ የሚባለውን ፎቶግራፍ ማጉላት ይጀመራል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።

ከእነሱ መካከል አንዱ ለኤምፒሲ ዋን ፕላስ የሚሆን ገንዘብ አጠራቅሞ ነበር። ዋጋው ያኔ 699 ዶላር ነበር። «አዲስ ሊመጣ ነው» ሲባል ሰምቶ ግዢውን አዘገየ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ተለቀቀና 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ብዙም ሳይቆይ ከ100 ብር አለፈ። በባንክ ተመን ሲሰላ 40 ሺህ ብር የማይሞላ የነበረው ዕቃ 70 ሺህ ገባ። ሲጠበቅ የነበረው ኤምፒሲ ላይቭ 3 እ.ኤ.አ. በ2025 መገባደጃ ወጣ። ከእሱ የቀደመው ላይቭ 2 ሚሞሪው 2 ጊጋባይት ነበር፤ ይኼኛው 8 ጊጋባይት ይዟል። ሲወጣ ዋጋው 1,700 ዶላር ገደማ ነበር። ልጁ አሁንም ምቱን የሚለማመደው በጠረጴዛ ጠርዝ ላይ ነው፤ እጁ ግን እንዴት ያለ እጅ ነው!

የሚያሳዝነው ደግሞ መጠበቁ አያስፈልግም ነበር። አካይ በዚያው በ2025 አዲሱን የኤምፒሲ 3 ሶፍትዌር ሲለቅ እ.ኤ.አ. በ2017 ለወጣው የመጀመሪያው ላይቭ ሳይቀር በነፃ ሰጥቷል። ስምንት ዓመት ያገለገለ ዕቃ አዲስ ሥራ ተማረ ማለት ነው። ከዱባይ ወይም ከዋሽንግተን በሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ያገለገለ ማሽን ማስመጣት የሚችል ልጅ የሚቀጥለውን ኤግዚቢሽን የሚጠብቅበት አንድም ምክንያት አይታየኝም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳዬ ልግባ። እነዚህን ዕቃዎች የምናወዳድረው ሌሎች ባዘጋጁልን መመዘኛ ነው። የፕሮሰሰሩ ፍጥነት፣ የስክሪኑ ስፋት፣ ስንት ኢፌክት እንዳለው እንቆጥራለን። እኔ ግን ሦስት ጥያቄ አለኝ፤ መብራት ሲጠፋ ይሠራል? ችክችካን በወጉ ይይዛል? የክራርን ቅኝት ሳያበላሽ ያስቀምጣል?

የመብራቱን በአጭሩ ልበል። ኤምፒሲ ዋንም ሆነ ዋን ፕላስ ባትሪ የላቸውም፤ የ19 ቮልት ቻርጀራቸው ከግድግዳ ሲነቀል ያልተቀመጠው ሥራ አብሮ ይሄዳል። የኔቲቭ ኢንስትሩመንትስ ማሺን ፕላስም እንዲሁ ነው። ኤምፒሲ ላይቭ 2 ባትሪም ስፒከርም በውስጡ አለው። ያለ ኮምፒውተር የሚሠራው የኤብልተን ፑሽ 3 ባትሪ ቢኖረውም የሚያሠራው ሁለት ሰዓት ያህል ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው የሮላንድ ኤስፒ 404 ማርክ 2 በስድስት ተራ የኤኤ (AA) ባትሪ ድንጋይ ይሠራል፤ ስልክ በምንሞላበት ፓወር ባንክም ይነሣል። የቲንኤጅ ኢንጂነሪንግ ኢፒ 133 ደግሞ አራት ትንንሽ ድንጋይ ይበቃዋል፤ ሲወጣ ሚሞሪው ግን 64 ሜጋባይት ብቻ ነበር። ባትሪ ለሙዚቀኛ ምን እንደሆነ ለመረዳት የኪቦርድ ተጫዋቹን ኃይሉ መርጊያን ማስታወስ ይበቃል። ዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ ይነዳ በነበረበት ዘመን በባትሪ የሚሠራ ኪቦርድ ከመኪናው የኋላ ዕቃ መጫኛ አውጥቶ ተሳፋሪ እስኪመጣ ድረስ ይጫወት ነበር። ያ ኪቦርድ መሰኪያ የሚፈልግ ቢሆን ኖሮ በእነዚያ ዓመታት ጣቶቹ ሥራ በፈቱ ነበር።

የምቱ ጉዳይ ሰፋ ያለ ነው። ኤምፒሲ በዓለም ሁሉ የሚመሰገነው ስዊንግ በሚባለው አሠራሩ ነው። ሮጀር ሊን ያሰበው እንዲህ ነው፤ አንድን ምት እኩል ለሁለት ትከፍላለህ፣ ከዚያ ሁለተኛውን ቁራጭ በትንሹ ታዘገያለህ። መጠኑ ከ50 እስከ 75 በመቶ ነው። 50 ላይ ቀጥ ያለ ነው፤ ቁጥሩ ከፍ እያለ ሲሄድ ምቱ መወዛወዝ ይጀምራል። ለሂፕ ሆፕ ድንቅ ነው። ችክችካ ግን ሲጀመርም ምቱን ለሁለት አይከፍልም። በስድስት ስምንተኛ የሚጻፍ ነው፤ ሁለት ትልልቅ ምቶች አሉት፣ እያንዳንዳቸውም ለሦስት ይከፈላሉ። ልጆቹ ማሽኑን ሲከፍቱ የሚቀበላቸው ምቱ ለሁለት የሚከፈለው አራት አራተኛ ነው። በእሱ ላይ ችክችካ ለመምታት ይታገላሉ፤ አልሆን ሲላቸው ስዊንጉን ይጨምራሉ፤ የሚወጣው ግን ችክችካም ሂፕ ሆፕም ያልሆነ ነገር ነው። ከዚያ «ማሽኑ ለእኛ ሙዚቃ አይሆንም» ይላሉ።

ይሆናል። ኤምፒሲ ላይ አዲስ ሲኩዌንስ (የምቶች ቅደም ተከተል) ስትከፍት መጀመሪያ የምትነካው የምቱን ዓይነት ነው፤ ስድስት ስምንተኛ ወይም አሥራ ሁለት ስምንተኛ ታደርገዋለህ። ስዊንጉን 50 ላይ ትተወዋለህ። ቀጥሎ ምቶችን በመስመር ላይ የሚያስተካክለውን ክፍል ትከፍትና ኃይሉን በመቶኛ ትቀንሳለህ። ይህ ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው ነው። ከበሮ መቺ ስንቀዳ የቀኝ እጁ ትልቁ ቆዳ ላይ በልክ ያርፋል፤ በትንሹ ቆዳ ላይ የሚወርደው ግራ እጅ ግን አንዳንዴ ይዘገያል፣ አንዳንዴ ይቀድማል። ማሽኑ ሁሉንም በመስመር ላይ ካሰለፈው እስክስታ የሚያስወርደው ነገር ይጠፋል። ስለዚህ እኔ የትልቁን ቆዳ ምት አስተካክላለሁ፣ የትንሹን እንዳለ እተወዋለሁ። ሁለቱን በተለያየ ትራክ መቅዳት የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው። የስዊድኑ ኤሌክትሮን ዲጂታክት አሥራ ስድስት ቁልፍ ይደርድር እንጂ ቅደም ተከተሉን አሥራ ሁለት ላይ እንዲያቆም ማዘዝ ይቻላል። ፑሽ 3 ምቱን ለሦስት የሚከፍሉ ቁልፎች በቀኝ ጎኑ አሉት። ስለዚህ የምቱን ፈተና ብዙዎቹ ያልፋሉ፤ ችግሩ ያለው ማንም ለልጆቹ ያላሳያቸው መሆኑ ላይ ነው።

ክራሩ ላይ ስንደርስ ደግሞ እነዚህ ማሽኖች ከኪቦርድ የሚበልጡበት ቦታ ይመጣል። የተለመደው ኪቦርድ ክራር ብሎ የሚሰጠን ድምፅ የተቃኘው በፒያኖ ልክ ነው። ክራር ተጫዋች የሚቃኘው በጆሮው ነው፤ ባቲም ሆነ አንቺ ሆዬ ሲቃኝ አንዳንዶቹ ድምፆች በሁለት የፒያኖ ቁልፎች መካከል ያርፋሉ። ለዓመታት ይህን እየዋጥን ነው ካሴትና ሲዲ ያወጣነው። ባለፈው ክረምት አንድ ክራር ተጫዋች ስቱዲዮ ጋበዝኩና ስድስቱን ክሮች አንድ በአንድ በለሆሳስ፣ በመካከለኛ ኃይልና ጠበቅ አድርጎ እንዲመታልኝ ለመንኩት። እያንዳንዱን ክር በየራሱ ፓድ ላይ አኖርኩ፤ ፓዱ በስሱ ሲነካ ለስላሳው፣ ሲመታ ደግሞ ጠንካራው እንዲወጣ ድምፆቹን ደራረብኩ። አብሮኝ የነበረው ልጅ ድምፁ ንጹሕ እንዲሆን ብሎ መነሻውን ሊቆርጠው ነበር። ከለከልኩት። ክሩ ከመጮኹ በፊት የምትሰማ ትንሽ የጥፍር ንክኪ አለች፤ እሷ ከሄደች ክራሩ የጎማ ገመድ ይሆናል። ቅኝቱ ተጫዋቹ እንደቃኘው ስለተቀመጠ ማስተካከል አላስፈለገም። አሁን እነዚያን ስድስት ፓዶች የሚመታ ልጅ ጣቱን የትም ቢያሳርፍ ከአንቺ ሆዬ አይወጣም።

ላፕቶፕ ይህን ሁሉ አይችልም ወይ ቢባል ይችላል። የመጨረሻውን ሚክስ እኔም የምሠራው በላፕቶፕ ነው፤ ወደፊትም አልተወውም። ነገር ግን በብዙ ቤት ያለው ላፕቶፕ የእህት የመመረቂያ ጽሑፍ የሚሠራበት፣ የወንድም ፊልም የሚታይበት የጋራ ዕቃ ነው። በውስጡ ያለው የሙዚቃ ሶፍትዌርም አብዛኛውን ጊዜ ያለ ፈቃድ የተገለበጠ ነው። የቅጂ መብታችን ይከበር ብለን የምንጮኽ ሙዚቀኞች ልጆቻችንን በተሰረቀ ሶፍትዌር ማስጀመራችን ሁልጊዜ ይከነክነኛል። ራሱን ችሎ የሚሠራ ማሽን ግን ሶፍትዌሩ ሕጋዊ ሆኖ አብሮት ይመጣል።

ምረጥ ብባል ያለማመንታት ያገለገለ ኤምፒሲ ላይቭ 2 እላለሁ። ገንዘቡ ካልደረሰ ኤስፒ 404 ማርክ 2። ፑሽ 3 ኮርድና ዜማ በእጁ ለሚፈልግ ሰው ከሁሉም ይበልጣል፤ ሲወጣ ያለ ኮምፒውተር የሚሠራው 1,999 ዶላር ስለነበር ግን ለጀማሪ አልመክርም። ያገለገለ የምትገዙ ሁሉ አሥራ ስድስቱንም ፓዶች በስሱ እየነካችሁ ሞክሩ፤ ጠበቅ ካልተመታ የማይሰማ ፓድ ካለ ዋጋ አስቀንሱ ወይም ተዉት። ባትሪው አብጦ የጀርባውን ክዳን ገፍቶ እንደሆነም እዩ።

በመጨረሻ ለወጣት ማዕከላትና ለሙዚቃ ትምህርት ቤቶች ኃላፊዎች አንድ ጥያቄ አለኝ። ክራር፣ ማሲንቆና ከበሮ በሚማሩበት በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤትም ይሁን በየክፍለ ከተማው የወጣት ማዕከል አንድ ማሽን ቢገዛና በተራ ቢሠራበት ብዙ ልጅ ሊደርሰው ይችላል። ክራር የሚማረውና ቢት የሚሠራው ልጅ በአንድ ክፍል ቢገናኙ አንዱ ቅኝቱን፣ ሌላው አቀዳዱን ያስተምራል። ማሽን የሌለው ማዕከል ቢሆንም ክፍልና ጥቂት ወንበር ካዘጋጀልኝ ቅዳሜ ከሰዓት የራሴን ይዤ እመጣለሁ፤ ክራር ተጫዋቹም አብሮኝ ለመምጣት ተስማምቷል። ክፍያ አንጠይቅም። አድራሻዬን ለዝግጅት ክፍሉ ስለሰጠሁ የሚፈልገኝ በእናንተ በኩል ያገኘኛል።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
አንድ የሙዚቃ አቀናባሪ
ከሳሪስ፣ አዲስ አበባ