ለአባዬ፦ ስለ ፓተርሰን ቤተሰብና ስለ ደብተሩ

ውድ አባዬ፣

እንደምን ሰነበትክልኝ? እኔም ልጆቹም እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ናፍቆትህ ብቻ ነው ያስቸገረን።

ባለፈው እሁድ ስደውል እማዬ ስልኩን ጆሮህ ላይ አድርጋ «ይሰማሻል፣ ተናገሪ» አለችኝ። ትንፋሽህን ሰማሁ። አንድ ቃል ጀመርክ፤ ተውከው። እንደገና ጀመርክ። ከዚያ ስልኩን መለስክላት። አባዬ፣ እኔ ቅር አላለኝም። አንተ ግን እንደከፋህ ገባኝ። ለዚህ ነው ዛሬ የተቀመጥኩት። ንግግሩ እንጂ ማንበቡ እንዳልጠፋህ፣ ጋዜጣ ሲመጣም ቀድመህ መነጽርህን እንደምትፈልግ ማሙሽ ነግሮኛል።

ሰሞኑን ምድር ቤቱን ሳጸዳ አንድ አሮጌ ደብተር አገኘሁ። ቶሮንቶ እንደገባሁ፣ በ1986 ዓ.ም፣ የገዛሁት ነው። ያኔ የምሠራው የሆስፒታል አንሶላ የሚታጠብበት ቤት ነበር። አብራኝ አንሶላ የምታጥፍ አንዲት ትልቅ ሴት ነበረች። በየጠዋቱ ጋዜጣዋን ይዛ ትመጣና ሻይ ሰዓት ላይ የካርቱኑን ገጽ ታወጣለች። «ከዚህ ተማሪ። ዜናው ይከብድሻል» አለችኝ። እኔም አንብባ ስትጨርስ እቆርጠውና ደብተሬ ላይ እለጥፈዋለሁ። ከጎኑ ትርጉሙን በአማርኛ በእርሳስ እጽፋለሁ። አሁን ሙጫው ደርቆ ገጹ ሲገለጥ ኮሽ ኮሽ ይላል። እርሳሱ ግን አልጠፋም።

ካርቱኑ «ፎር ቤተር ኦር ፎር ዎርስ» ይባላል። ፈረንጆች ሲጋቡ «በደጉም በክፉውም ቀን» ብለው የሚገቡት ቃል ነው። የሣለችው ሊን ጆንስተን የምትባል ካናዳዊት ናት። የጀመረችው በእነሱ መስከረም 1979፣ በእኛ ጳጉሜ 1971 ነው። ስለ አንድ ቤተሰብ ነው፣ ስለ ፓተርሰኖች። አባትየው ጆን የጥርስ ሐኪም ነው። እናትየው ኤሊ ናት። ልጆቻቸው ማይክልና ኤልሳቤጥ ናቸው፣ በኋላም ኤፕሪል ተወለደች። ፋርሊ የሚባል ጸጉራም ትልቅ ውሻም አላቸው። ከ2,000 በላይ ጋዜጦች ላይ ይወጣ ነበር።

ከሌላው ካርቱን የሚለየው ምን መሰለህ? ሰዎቹ ያድጋሉ። የሌላው ካርቱን ልጅ ሃምሳ ዓመት ሙሉ ልጅ ነው። የፓተርሰን ልጆች ግን ከአንባቢው ጋር እኩል አንድ አንድ ዓመት ይጨምራሉ። ጥርስ ያወልቃሉ፣ ድምጻቸው ይጎረንናል፣ ከቤት ይወጣሉ። አያቶቹም ያረጃሉ፣ ይሞታሉ። አንባቢው እንደ ጎረቤት ያያቸው የነበረው ለዚህ ይመስለኛል።

በሚያዝያ 1987 ዓ.ም ውሻው ሞተ። ትንሿ ኤፕሪል የሞላ ወንዝ ውስጥ ትወድቃለች። ፋርሊ አርጅቷል፣ ግን ዘሎ ይገባና ከውሃው በላይ ይይዛታል። ልጅቷ ተረፈች። የእሱ ልብ ግን አልቻለም። የዚያን ቀን ያቺ ሴትዮ ገጹን አጥፋ ኪሷ ውስጥ ከተተችውና ዝም ብላ አንሶላዋን ማጠፍ ቀጠለች። እንባዋ ግን ይወርድ ነበር። እኔ መጀመሪያ ቤተሰብ የሞተባት መስሎኝ ደንግጬ ነበር።

ብቻዋንም አልነበረችም። ለሠዓሊዋ ደብዳቤ ጎረፈላት። ገሚሱ «ልጆቻችን የሚያነቡት ገጽ ላይ ውሻ እንዴት ትገድያለሽ?» ብሎ የተቆጣ ነው። ገሚሱ የራሱን ውሻ ሞት እየተረከ ያለቀሰ ነው። ስኑፒ የሚባለውን የካርቱን ውሻ ይስል የነበረው ቻርልስ ሹልዝ እንኳ፣ ወዳጇ ነበርና፣ ፋርሊን ከገደልሽ እኔም ስኑፒን በመኪና አስገጨዋለሁ ብሎ እንደነበር ራሷ አውርታለች። እሷ ግን ውሻ ዕድሜው አጭር እንደሆነ ታውቃለች። ቤተሰቡ እያደገ ውሻው ብቻ ባለበት ቢቀር ውሸት ይሆንባት ነበር። እኔ በዚህ እስማማለሁ። በኋላ የኦንታሪዮ የእንስሳት ሐኪሞች አቅም ለሌላቸው ሰዎች እንስሳ ማሳከሚያ የሚረዳ ድርጅት ሲያቋቁሙ ስሙን በፋርሊ ሰየሙት።

ለአንተም በስልክ ነግሬህ ነበር፣ ታስታውሳለህ? ካርዱ እያለቀ ነበር። «ለተሣለ ውሻ ይለቀሳል እንዴ?» አልከኝ። ትንሽ ቆይተህ ደግሞ «ልጅቷስ ተረፈች?» ብለህ ጠየቅከኝ። «ተረፈች» ስልህ «ተመስገን» አልክ። እኔ ያንን «ተመስገን» እስከዛሬ አልረሳሁትም።

ከዚያ ወዲያ በኤልሳቤጥ ጉዳይ ሥራ ቤታችን ሁለት ተከፈለ። ሰሜን ኦንታሪዮ ነባር ሕዝቦች ከሚኖሩበት መንደር ሄዳ አስተማሪ ሆነች። አንባቢው ወደደላት። እዚያ ፖሊስ ጓደኛም ነበራት። በኋላ ግን ወደ አገሯ ተመለሰችና ከትምህርት ቤት ጀምሮ የምታውቀውን አንተኒን ልታገባ ሆነ። ፈቶ ልጁን የሚያሳድግ ሰው ነው። ስንቱ ተናደደ መሰለህ! «ደርሳ ደርሳ ወደኋላ ተመለሰች» የሚለው አለ። «የሚያውቃት ሰው ይሻላታል» የሚልም አለ። እኔ ከተናደዱት ነበርኩ። ከቤት ርቃ የሄደች ሴት ልጅ መመለሷ ለምን እንደ ሽንፈት እንደታየኝ ያኔ አልገባኝም ነበር። አሁን ይገባኛል። ስለ ራሴ ነበር የምከራከረው።

ይህን ሁሉ ያመጣሁት ግን ስለ አያትየው ልነግርህ ነው።

ጂም ይባላል። የኤሊ አባት ነው። ታሪኩ ሊያልቅ ሁለት ዓመት ገደማ ሲቀረው ስትሮክ መታውና ንግግሩ ጠፋ። አንባቢው እዚህም ላይ ተለያየ። ጠዋት ቡና ይዘን ይህን ለምን እናያለን ያለ ነበር። አባቱ ወይም እናቱ እንዲሁ የሆኑበት ሰው ደግሞ ቤቱን ያየ ያህል ሆነለት። እኔ ከዘለሉት ነኝ፣ አባዬ። እውነቱን ልንገርህ። ስለ ጂም የወጣውን እየቆረጥኩ ለጥፌዋለሁ፣ ትርጉም ግን አልጻፍኩበትም። ገጾቹ ጎናቸው ባዶ ነው።

ባለፈው ሳምንት ቁጭ ብዬ አነበብኳቸው።

ካርቱን ላይ ሰው ሲናገር ቃሉ ክብ ውስጥ ይጻፋል፣ የክቡ ጭራ ወደ አፉ ያመለክታል። ሲያስብ ደግሞ ክቡ እንደ ደመና ይሆንና ከሥሩ ትንንሽ አረፋዎች ወደ ራሱ ይወርዳሉ። የጂም የንግግር ክብ ውስጥ ያለው አንድ ቃል ነው፣ እሱም አንዳንዴ የተሳሳተ። ደመናው ግን ሙሉ ነው። ዓረፍተ ነገሩ የተስተካከለ ነው። ይቀልዳል፣ ይናደዳል፣ ያስታውሳል። አጠገቡ ያሉት አይሰሙትም። እኛ አንባቢዎች ብቻ ነን የምናየው።

እሁድ ዕለት ያን ቃል ጀምረህ ስትተወው የታየኝ ይኸው ደመና ነው። ውስጡ ምን እንዳለ ሙሉውን ባላውቅም ብዙውን እገምታለሁ። አርባ ዓመት ያስተማረ ሰው ራስ በአንድ ሌሊት ባዶ አይሆንም። ስለዚህ ስደውል ቃል ለማግኘት አትጨነቅ። እኔ አወራለሁ። አንተ ጉሮሮህን ጠረግ ካደረግክልኝ ይበቃኛል። ለእማዬም፣ እኔ ስጠይቅህ ቶሎ ብላ እንዳትመልስልህ ነግሬያታለሁ። ዝምታው ቢረዝምም ይርዘም። የስልክ ካርድ ዘመን አልፏል።

መጨረሻውን ልንገርህ። በሚሊኒየማችን ዓመት፣ ነሐሴ 2000፣ ኤልሳቤጥ በተዳረችበት ቀን ጂም ሆስፒታል ነበር። እሷና አንተኒ የሠርግ ልብሳቸውን እንደለበሱ እሱ ዘንድ ሄዱ። አይሪስ፣ በስተርጅና ያገባት ሚስቱ፣ አልጋው አጠገብ ነበረች። በሠርጉ የተናደደው ሁሉ፣ እኔንም ጨምሮ፣ በዚህ አልተናደደም። አብራኝ አንሶላ የምታጥፈው ሴትዮም ያንን ገጽ ራሷ ቆርጣ ነው የሰጠችኝ።

ደብተሩን ወደ ደሴ ለሚመጣ ሰው ሰጥቼዋለሁ፣ ለጥምቀት ይደርስሃል። እኔ ለፋሲካ እመጣለሁ፣ ቲኬቱን ቆርጫለሁ። የጂም ገጾች ላይ የቀረውን ትርጉም አሁን በእርሳስ ጽፌበታለሁ። እስክመጣ እይልኝ። አማርኛዬ ሳይላሽቅ አይቀርም። ሽፋኑ ውስጥ ቀይ እስክሪብቶ አድርጌበታለሁ። በግራ እጅህም ቢሆን፣ የተሳሳትኩበት ላይ አስምርልኝ።

ልጅህ