ጉዳዩ፦ የማጅራት ገትር የያዘው ወንድሜ «ታይፎይድ ነው» ተብሎ ወደ ቤት ስለመመለሱ

ለክሊኒኩ ሜዲካል ዳይሬክተር

ጤና ይስጥልኝ ዶክተር፣

መጋቢት 12 ቀን ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ የ19 ዓመት ወንድሜን ደግፌ ድንገተኛ ክፍላችሁ አመጣሁት። ከጠዋት ጀምሮ ያተኩሰዋል። ራሴ ሊፈነዳ ነው ይላል። ሁለት ጊዜ አስመልሶታል። ተራ ስንጠብቅ የኮሪደሩ መብራት ስላስቸገረው ነጠላዬን ስቦ ፊቱን ሸፈነ። ይህን ሁሉ ለሐኪሙ ነግሬዋለሁ። ወንድሜም «አንገቴ አልታዘዝ አለኝ» ብሏል። አንገቱን ግን ማንም አልነካውም። ደም ተወሰደ፣ ታይፎይድ ነው ተባለ፣ ኪኒን ይዘን ተመለስን።

ሌሊት 9 ሰዓት ላይ መቃዠት ጀመረ። እናታችንን አላወቃትም። ሆስፒታል ስንደርስ ተረኛዋ ሐኪም መጀመሪያ እጇን ከጭንቅላቱ ሥር አስገብታ አገጩን ወደ ደረቱ ልታስጠጋ ሞከረች። አንገቱ እንደ እንጨት ደርቆ ትከሻው አብሮ ተነሳ። ግማሽ ደቂቃ እንኳ አልፈጀባትም። ወዲያው ደም አስወስዳ ሴፍትሪያክሶን የተባለውን አንቲባዮቲክ በደም ሥሩ አስጀመረችው። ከጀርባው የተቀዳው ፈሳሽ እንደ ውሃ መጥራት ሲገባው ደፍርሶ ነበር። በባክቴሪያ የመጣ ማጅራት ገትር ነው ተባልን። እኛንም አልረሳችንም፤ አብረነው የምንኖረው ሁሉ ለመከላከያ ሲፕሮፍሎክሳሲን አንድ ጊዜ ዋጥን።

አገራችን ከሴኔጋል ጀምሮ እስከ እኛ በተዘረጋው የማጅራት ገትር ቀበቶ ውስጥ ናት። በሽታው የሚበረታውም በዚሁ በደረቁ ወቅት ነው። ታይፎይድን ለመለየት በደም የሚሠራው የዊዳል ምርመራ ደግሞ ድሮ ታይፎይድ ታሞ የዳነ ሰው ላይም ፖዘቲቭ ሊል እንደሚችል ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ።

ወንድሜ ተርፏል፣ ተመስገን። ግራ ጆሮው ግን አይሰማም። ስልክ ሲደወልለት በልማድ ወደ ግራ ያስጠጋና ወደ ቀኝ ይመልሰዋል። ቶሎ ቢታከም ጆሮው ይተርፍ ነበር ወይ? ማንም እርግጠኛ ሆኖ አይነግረኝም። ሰባቱ ሰዓት የባከነው ግን እናንተ ጋ ነው።

ገንዘቤን መልሱልኝ አላልኩም። የዚያን ምሽት ካርድ ከሐኪሙ ጋር አይታችሁ የጽሑፍ መልስ ስጡኝ። ትኩሳትና ከባድ ራስ ምታት ይዞት የመጣ ሰው ሁሉ አንገቱ ይታይ። ማጅራት ገትር ከተጠረጠረ ደግሞ ሪፈር ብቻ ጽፋችሁ አትሸኙት፤ የመጀመሪያውን መርፌ እዚያው ወግታችሁ ላኩት።

መልሳችሁን እስከ ሚያዝያ 30 እጠብቃለሁ። የካርዱንና የደረሰኙን ኮፒ አያይዣለሁ።

ከአክብሮት ጋር
የታካሚው እህት