ማሽኑን ከመቀየርህ በፊት

ውድ ወንድሜ ሰሎሞን፣

ለጤናህ እንደምን ሰነበትክ? እኔ ካንተ ናፍቆት በስተቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ። ልደውልልህ አስቤ ነበር። ግን እንደተለመደው «የት ጠፍተህ ነው» ተባብለን፣ ሥራና ልጅ ላይ አሳብበን በሩብ ሰዓት እንዘጋዋለን ብዬ ተውኩት። ማን ቀድሞ ዝም አለ የሚለውን ሒሳብ እንርሳው፤ ወረቀት ላይ ሲሆን ቢያንስ አታቋርጠኝም።

ሰሞኑን እዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ ሰርግ ላይ ታናሽ ወንድምህን አገኘሁትና ስላንተ ብጠይቀው «እሱማ ቅዳሜ ቅዳሜ የብረት መፈለጊያ ማሽን ተሸክሞ ሜዳ ለሜዳ ብረት ሲለቅም ነው የሚውለው» አለኝ። ሳቄ መጣ። በአንተ እንዳይመስልህ፤ እኔም በዚያው በሽታ ከተያዝኩ ዓመታት አልፈዋል፤ የመኪናዬን የኋላ ዕቃ መጫኛ ብትከፍት አካፋና ጭቃ የጠጣ ጓንት ነው የሚቀበልህ። ከጎረቤትህ ጋሬት ኤቲ ፕሮ የሚባለውን ማሽን አገልግሎ መግዛትህን፣ ገና ሳትለምደው ሸጠህ ውዱን ማይንላብ ማንቲኮር ልታመጣ ማሰብህን፣ ለክረምትም አገር ቤት ይዘህ ልትገባ መፈለግህን አጫወተኝ። ይኸው ነው ብዕር ያስነሳኝ።

በያዝከው ማሽን አትፈር። ጋርላንድ፣ ቴክሳስ እየኖሩ ጋሬትን መናቅ ሐረር ተወልዶ ቡና እንደ መናቅ ነው። ኩባንያው ከ1964 ጀምሮ አለ (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፍልህ)፤ ፋብሪካውም እዚያው አንተ ከተማ ነው። ለደኅንነት ፍተሻ በር ላይ የሚቆሙትን መፈተሻዎችም ይሠራል። ኤቲ ፕሮ አሮጌ ዲዛይን ነው፣ አልክድም። ግን እስከ ሦስት ሜትር ውኃ ውስጥ ይገባል፣ የሚሠራው ከሱቅ በምትገዛው በአራት የባትሪ ድንጋይ ነው፣ ሣር ሜዳና ሐይቅ ዳር ላይ ደግሞ ዛሬም አያሳፍርም። አንድ ትልቅ ድክመት አለበት፤ እሱን በኋላ እመጣበታለሁ።

አንተን ያማለለህ ጥልቀት ይመስለኛል። ሻጮቹ ሁሉ የሚያወሩት ስለ ጥልቀት ነው። ተራ ሳንቲም በጥሩ አፈር ላይ ሃያ፣ ቢበዛ ሃያ አምስት ሴንቲ ሜትር ድረስ ይሰማል እንበል። ያን ሁሉ ዶላር ጨምረህ የምታገኘው ጥቂት ጣት ነው። ብዙ ዕቃ የሚያመልጠን ጠልቆ ስለተቀበረ አይደለም፤ ከላዩ ወይም ከጎኑ ምስማርና ቆርኪ ስለሚጮህበት ነው። ይህ ጣጣ ጥንትም ነበር። በ1881 ፕሬዚዳንት ጋርፊልድ እዚህ ዋሽንግተን በጥይት ሲመታ፣ የስልኩ ሰው ግራሃም ቤል በሰውነቱ ውስጥ የቀረችውን ጥይት የሚጠቁም መሣሪያ ሠርቶ መጣ። መሣሪያው ይሠራ ነበር፤ ታማሚው የተኛበት ፍራሽ ውስጥ ያለው የብረት ሽቦ ግን ድምፁን አዛባበት ይባላል። ሐኪሞቹም በአንድ ጎን ብቻ እንዲፈልግ ነበር የፈቀዱለት። ጥይቷ ሳትገኝ ሰውየው ሞተ።

ስለዚህ የመጀመሪያ ገንዘብህን ትንሽ ኮይል (ከዘንጉ ጫፍ ያለው፣ መሬቱን የሚያዳምጠው ሳህን) ላይ አውጣ። ከማሽንህ ጋር የመጣው 8.5 በ11 ኢንች ነው፤ 5 በ8 ኢንቿን ፈልግ። ትልቁ ኮይል በአንድ ጊዜ ሰፊ መሬት ስለሚያይ ምስማሩንም ቀለበቱንም ደባልቆ አንድ ድምፅ ያደርግብሃል። ትንሿ ትለያቸዋለች። ጥቂት ጥልቀት ትቀንሳለች፣ ግን ቆሻሻ በበዛበት ቦታ ያ ጥልቀት መጀመሪያም አልነበረህም።

ይህን በዓይኔ ነው ያየሁት። ባለፈው ዓመት የደመራ ማታ አንዲት እናት የቃል ኪዳን ቀለበታቸው ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ሣር ላይ ከጣታቸው ወለቀ። በማግሥቱ ተጠራሁ፤ የያዝኩት ያንተኑ ዓይነት ኤቲ ፕሮ ነው። ቦታው ድንኳን የተተከለበት፣ ምግብ የታደለበት ነው። ምስማሩ፣ የለስላሳው ቆርኪ፣ የምግብ መሸፈኛው ፎይል፣ ሁሉም አለ። በትልቁ ኮይል ማሽኑ ጩኸቱን አላቋረጠም። ትንሿን ገጠምኩና ካስማና ገመድ አምጥተን መሬቱን በመስመር ከፈልነው፤ እያንዳንዱን መስመር በቀስታ፣ እርምጃዬን እያሳጠርኩ ሄድኩበት። የማሽኑ መስኮት ላይ አርባዎቹ ውስጥ ያለ ቁጥር በመጣ ቁጥር ጎንበስ እላለሁ፣ ፎይል። ደግሞ ጎንበስ፣ ፎይል። ሕፃናቱ መሳቅ ጀምረዋል። ከዚያ 48 ላይ ረጋ ያለ፣ ከየትኛውም ጎን ብዞረው የማይዋዥቅ ድምፅ መጣ። ሣሩን በጣቴ ስገልጠው ቀለበቱ ከሥሩ ጠርዙ ላይ ቆሞ ነበር። እሳቸው ሲቀበሉኝ ጣታቸው ላይ አላጠለቁትም፤ በነጠላቸው ጫፍ ጠርገው፣ መነጽራቸውን አስመጥተው፣ መጀመሪያ ውስጡ የተጻፈውን ስም አነበቡ። ካህኑ ደግሞ ወዲያው «እንግዲያው ከፋሲካ ጀምሮ የጠፋብንን የመጋዘን ቁልፍ ፈልግልን» አሉኝ። እሱ እስካሁን አልተገኘም።

ከዚህ ታሪክ የምትይዘው ቁጥሩን ነው። ፎይልም፣ የጣሳ መክፈቻ ቀለበትም፣ የወርቅ ቀለበትም ማሽኑ መስኮት ላይ አንድ ሰፈር ናቸው። ማሽኑ ወርቅነትን አያውቅም፤ የሚለካው ብረቱ ኤሌክትሪክን ምን ያህል እንደሚያስተላልፍ ነው፣ ያም በመጠኑና በቅርጹ ይለዋወጣል። ስለዚህ ማሽንህን «ሳንቲም» የሚለው ላይ አድርገህ ፎይሉንና የጣሳውን ቀለበት ዝም ካሰኘኸው፣ የሴትየዋን ቀለበት አብረህ ዝም አሰኘኸው ማለት ነው። ማጣሪያውን ክፍት አድርገህ ጆሮህን አሠልጥን። ልምምድህን በኒኬል ጀምር፤ ባለ አምስት ሳንቲሙ ባንተ ማሽን 52 አካባቢ ይላል። እግረ መንገድህን ከ1942 እስከ 1945 የታተመው ይገጥምህ ይሆናል። ጀርባው ላይ ካለው ቤት ጉልላት በላይ ትልቅ ፊደል ካየህበት 35 ከመቶው ብር ነው። ዳይሙና ኳርተሩ (ባለ አሥርና ባለ ሃያ አምስት ሳንቲሙ) ደግሞ እስከ 1964 ያለው 90 ከመቶ ብር ነው። ወርቅ ባይሆንም እጅ ላይ ሲያርፍ ልብ ያሞቃል።

ቀጥሎ ፒንፖይንተር። እንደ ካሮት የምታክለዋ፣ ጉድጓድ ውስጥ አስገብተህ ዕቃው የት እንዳለ የምትጠቁምህ ዱላ ማለቴ ነው። ጋሬት ብርቱካንማዋን ይሠራል፤ ባለሙያዎቹም «ካሮት» ነው የሚሏት። መቶ ሃምሳ ዶላር ገደማ ታወጣለች። ማሽን ከመቀየር ይልቅ እሷ ናት ጊዜህን የምታተርፍልህ፤ የሰው ሣር ላይ ሰፊ ጉድጓድ ከመቆፈርም ታድንሃለች። ዋጋዋ ግማሽ ሆኖ ካየኸው አትግዛ፤ አስመስለው የሚሠሯት ብዙ ናቸው፣ ኩባንያው ራሱም ያስጠነቅቃል።

ጆሮ ማዳመጫ ላይ ብዙ አልልህም። ለሙዚቃ የምትጠቀምበትን ተራ ብሉቱዝ እንዳትሞክረው ብቻ። ድምፁ ዘግይቶ ስለሚደርስህ ኮይሉ ዕቃውን አልፎ ከሄደ በኋላ ነው የምትሰማው።

አሁን ወደዚያ ድክመት ልምጣ። ልጆቹን ይዘህ ጋልቨስተን እየሄድክ ባሕር ዳር ልትፈልግ ካሰብክ፣ ያን ጊዜ ማሽን ቀይር፤ እኔ ራሴ ነኝ የምገፋፋህ። የባሕር ጨው የጠጣ እርጥብ አሸዋ ራሱ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። አንተ የያዝከው በአንድ ፍሪኩዌንሲ (የሞገድ ድግግሞሽ)፣ በ15 ኪሎ ኸርዝ ብቻ ስለሚሠራ ጨውን ከብረት መለየት ይቸግረዋል፤ እየጮኸ ያሰለችሃል፣ ዝም ለማሰኘት ኃይሉን ስትቀንስ ደግሞ ይደነቁራል። አዲሶቹ በአንድ ጊዜ በብዙ ፍሪኩዌንሲ ይልካሉ፤ ከየፍሪኩዌንሲው የተመለሰውን አነጻጽረው የጨውን ድምፅ ይቀንሱታል። ዕድገት የምለው እሱን ነው። ሌላው አብዛኛው ቀለምና መስኮት ነው።

ለዚህ ግን የግድ ማንቲኮር አያስፈልግህም። ማይንላብ በ2019 ያወጣው ቫንኲሽ በትንሽ ገንዘብ ይህንኑ ያደርጋል፤ ጉዳቱ ውኃ የሚችለው ኮይሉ ብቻ ነው፣ ማዕበል ሳጥኑን ከነካው አለቀለት። የቱርኮቹ ኖክታ ሌጀንድ ውኃ ይገባል፣ ዋጋውም መካከለኛ ነው፤ ለአንተ ቢሆን እኔ እሱን ነው የምመርጥልህ። እኔ የማይንላቡን ኢኩይኖክስ 800 ይዤ ኦሽን ሲቲ ባሕር ዳር እወርዳለሁ፣ የሚጎድለኝ የለም። የፈረንሳዮቹ ዴውስ ሁለት እስከ ሃያ ሜትር ጠልቆ ይሠራል፤ ለጠላቂ ነው። አንተ መዋኛ ገንዳ ውስጥ እንኳ ጠርዙን ይዘህ ነበር የምትሄደው፣ አልረሳሁም።

ከማሽኑ ይልቅ ባሕር ዳር የሚያስፈልግህ ረጅም እጀታ ያለው የማይዝግ ብረት ማንኪያ ነው፤ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው፣ አሸዋውን የሚያጠልል። ርካሹ በአንድ ቀን ይጎብጣል።

ቦታውን ግን ጠይቀህ ግባ። እዚያው ቴክሳስ ያለው የፓድሬ ደሴት ብሔራዊ የባሕር ዳርቻ ውስጥ ማሽኑን ይዞ መገኘቱ ራሱ ክልክል ነው፤ በ1554 የስፔን መርከቦች የሰጠሙበት ዳርቻ ነውና ጠባቂዎቹ አይምሩም። እዚህም ኦሽን ሲቲ ላይ እፈልግና ከደቡቡ ያለችውን አሳቲግ ስደርስ ማሽኑ ከመኪና አይወርድም። ብሔራዊ ፓርክና የጦርነት ሜዳ ሁሉ እንዲያው ነው። የግል ግቢ ከሆነ ባለቤቱን በር አንኳኩተህ አስፈቅድ፤ እኛ ሰላምታ ስለምናውቅበት እምቢ የሚለን ጥቂት ነው።

አገር ቤት ይዤው ልግባ ያልከው ላይ ግን ሐሳቤ አጭር ነው፤ ተወው። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጁ፣ ቁጥር 209/1992 (ይህኛው ዓመት በኛ አቆጣጠር ነው)፣ ያለ ፈቃድ ቅርስ ፍለጋ መቆፈርን ይከለክላል። ወርቅ ፈላጊም ቢሆን፣ በባህላዊ መንገድ የሚያመርተው እንኳ ፈቃድ ያወጣል። ጦርነት ባለፈበት መሬት ደግሞ ማሽኑ የሚጮህበት ነገር ሳንቲም ላይሆን ይችላል፤ ይህንን ዘርዝሬ አልጽፍልህም።

የአጎትህ ልጆች አሶሳ በኩል ወርቅ ላይ ናቸውና ለእነሱ ይሆናል ካልክም፣ ያንተ ማሽን አይጠቅማቸውም። ያን ቀይ አፈር ታውቀዋለህ። ብረት የበዛበት አፈር እንደኛ ያሉትን ማሽኖች ያደነቁራል። እዚህ ቨርጂኒያ ኩልፔፐር የሚባል ቦታ ያለው ቀይ አፈር በዚሁ ስሙ የወጣ ነው፤ ጥቂት ጣት የጠለቀን ሳንቲም ምስማር ነው ብሎ ይነግርሃል። ለእንዲህ ያለ መሬት የተሠሩት ፐልስ የሚባሉት ናቸው፤ ኃይሉን በምት ልከው ያቆሙና ዝም ብለው ያዳምጣሉ፣ ስለዚህ አፈሩ ብዙም አይረብሻቸውም። ሱዳን የወርቅ ፈላጊው እጅ ላይ የምታያቸው እንደ ማይንላብ ጂፒኤክስ 5000 ያሉት ከዚህ ወገን ናቸው። ወርቁን ከምስማሩ መለየት ላይ ግን ደካማ ናቸው፣ ዋጋቸውም በሺዎች ነው። የውሸት ጂፒኤክስ ደግሞ በየገበያው ሞልቷል። ልጆቹ ከደላላ ሊገዙ ከሆነ የማሽኑን መለያ ቁጥር ከኩባንያው ሳያጣሩ ብር እንዳይቆጥሩ ንገራቸው።

እኔ ዘንድ አንድ ትርፍ 5 በ8 ኮይል አለ፤ ኢኩይኖክሱን ከያዝኩ ወዲህ ኤቲ ፕሮውን የማወጣው ሰው ሲጠራኝ ብቻ ነው፣ ያኔም ሌላ አለኝ። የቤትህን አድራሻ በቴክስት ላክልኝና በዚህ ሳምንት ፖስታ ቤት እጥለዋለሁ። ስትገጥመው ገመዱን በዘንጉ ላይ አጥብቀህ ጠምጥመው፤ ከላላ እየተወዛወዘ የውሸት ድምፅ ይሰጥሃል። ክፍያ ብለህ እንዳታስቀይመኝ። ከፈለግህ ያገኘኸውን የመጀመሪያ ብር ኳርተር ፎቶ ላክልኝ፤ ቆርኪም ከሆነ ላከው።

ለአልማዝ፣ ለልጆቹም ሰላምታዬን አቅርብልኝ። እናትህ እዚያው አንተ ዘንድ ከሆኑ ጉልበታቸውን ሳምልኝ።

ያንተው
ተስፋዬ

ማስታወሻ፦ የኤቲ ፕሮ የጆሮ ማዳመጫ መሰኪያ የራሱ ዓይነት ነው፤ ሌላ ከመግዛትህ በፊት መቀየሪያ ገመዱን ፈልግ፣ አለዚያ ቤት ደርሰህ አይገባልህም።