ያቺ የሠላሳ ሰከንድ ጠባችን

ወንድምዓለም፣ እንደምን ከረምክ?

ሁለት ክረምት አለፈ። አልደወልኩም። አንተም አልደወልክም። እናትህን ቅዳሜ ገበያ ላይ ሳገኛቸው «ሰላም በሉልኝ» እላለሁ፣ እሳቸውም «ሰላም ብሎሃል» ይሉኛል። እውነት ብለህ ይሁን እሳቸው ጨምረውበት እግዜር ይወቅ።

የመጨረሻውን ቀን ታስታውሳለህ? ስኳት (ብረት ትከሻ ላይ አድርጎ ቁጭ ብድግ) እየሠራህ ነበር። አንተ በዙርና በዙር መሀል ረዘም አድርገን እንረፍ ትላለህ። እኔ ስልኬን ይዤ «ሠላሳ ሰከንድ አለቀ! ተነስ!» እላለሁ። አንዴ አየኸኝና ፎጣህን አንስተህ ወጣህ። በሳምንቱ ለሥራ አዳማ ገባህ። ሰው በዕረፍት ሰዓት ይኳረፋል? እኛ ተኳረፍን።

ትክክሉ አንተ ነበርክ። በስኳቱ እንኳ ትክክሉ አንተ ነበርክ።

ያኔ ጭንቅላቴን ያዞረው ቪንስ ጂሮንዳ ነው። አሜሪካ፣ ሰሜን ሆሊውድ ጂም የነበረው ሰውዬ። 8 ዙር፣ በየዙሩ 8 ጊዜ፣ በመሀል ከ15 እስከ 30 ሰከንድ ዕረፍት። (አሁንም አሰልጣኛችን ዙሩን በእንግሊዝኛው «ሴት» እያለ ይጠራል። «በሴትና በሴት መሀል እረፉ» ሲል አዲስ ገቢዎቹ ሳቃቸውን መያዝ ያቅታቸዋል።) ደረቴ ሲወጠር፣ ላቡ ሲንጠባጠብ፣ ሠራሁ የምለው ያኔ ነበር። አጭር ዕረፍት የእድገት ሆርሞን ይጨምራል እያልኩም አደርቅህ ነበር። መጨመሩስ ይጨምራል። ግን ለአጭር ጊዜ ከፍ ብሎ ይመለሳል፤ ጡንቻ የሚያሳድገው እሱ ነው የሚለው ነገር አላዋጣም።

ነገሩን የገለጠልኝ ደብተሬ ነው። ቤንች (በጀርባ ተኝቶ ብረት ወደ ላይ መግፋት) በ60 ኪሎ፣ በ30 ሰከንድ ዕረፍት፣ በሦስት ዙር ያነሳሁት፦ 10፣ 6፣ 4። በሌላ ቀን ያው 60 ኪሎ፣ 3 ደቂቃ እያረፍኩ፦ 10፣ 10፣ 9። ደምረህ በ60 አባዛው። አንዱ ቀን 1200 ኪሎ፣ ሌላው ቀን 1740። ቸኩዬ 540 ኪሎ ሥራ ጥዬ ወደ ቤቴ እሄድ ነበር ማለት ነው። ላቡ ግን በአነስተኛው ቀን ይበልጣል! ያታለለኝ እሱ ነው።

ምክንያቱ ጡንቻ ውስጥ ያለው ክሬቲን ፎስፌት ነው። ለከባድ ብረት መጀመሪያ የሚነደው እሱ ነው። በሠላሳ ሰከንድ ገደማ ግማሹ ይመለሳል፤ አብዛኛው እስኪመለስ ግን 3 ደቂቃ አካባቢ ይፈልጋል። በፈረንጆቹ 2016 የነብራድ ሾንፌልድ (አሜሪካዊ የጡንቻ ተመራማሪ ነው) ጥናት ወጥቷል። ብረት የለመዱ 21 ወጣት ወንዶችን ለሁለት ከፍለው፣ ግማሾቹን 1 ደቂቃ፣ ግማሾቹን 3 ደቂቃ እያሳረፉ ለ8 ሳምንት አሠሯቸው። በስኳትም በቤንችም የበለጠ የጠነከሩት፣ ፊት ለፊት ያለው ጭናቸውም የበለጠ የወፈረው 3 ደቂቃ ያረፉት ናቸው። ሳነበው አንተ ነህ ትዝ ያልከኝ።

ሙሉ በሙሉ ግን እጄን አልሰጠሁም። ሥራ ከመግባቴ በፊት ያለኝ 45 ደቂቃ ነው። ስለዚህ ስኳትና ቤንች ላይ እንደ ሽማግሌ ቁጭ እላለሁ። ለእጅና ለትከሻ፣ ለቀላሉ ብረት፣ ያቺን አንድ ደቂቃዬን አልለቅም። ጊዜ ሲጠበኝ ደረትና ጀርባን አፈራርቃለሁ። አንዱ ሲሠራ ሌላው ያርፋል። ሚያዝያ ላይ፣ ጣራው ቆርቆሮ የሆነ ጂም ውስጥ ይህን ሞክረው፤ ሐይቁ ውስጥ የገባህ ነው የሚመስልህ።

ባለፈው እሁድ ሐይቁ ዳር ተቀምጬ እንጨት የሚያራግፉ ሰዎች አየሁ። ጭራሮውን ሳያርፉ ይቀባበሉታል። ትልቁ ግንድ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። አንዱ ላቡን ጠረገ፣ አንዱ ውሃ ጠጣ፣ ተጨዋወቱ፣ ከዚያ አነሱት። ስልክ ይዞ የሚጮህባቸው የለም።

ለጥምቀት ትመጣለህ ብለውኛል እናትህ። እውነት ከሆነ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ጂም እጠብቅሃለሁ፣ ሰዓቱን አንተ ትይዛለህ። በወተት ጣሳ ሲሚንቶ ሞልተን የሠራነው ብረታችን ደግሞ እናትህ ግቢ አለ። አንዱ ጣሳ ተሰንጥቋል። በሌላው የዶሮውን ቤት በር ይደግፉበታል፤ እንዳታነሳባቸው።