ቀረሮው ላይ ብረት አይመታበት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በለጤ ጌራ ደን ውስጥ አንድ ትልቅ የቀረሮ ዛፍ ተመርጦ የብረት መርገጫ ይተከልበትና ጎብኚ ይውጣበት የሚል ሐሳብ እዚህ ጅማ ይነሳል። አርአያ የሚደረገው የአውስትራሊያው ግሎስተር ብሔራዊ ፓርክ ነው። ጎብኚ ቢመጣልን ደስታችን ነው፤ ብረቱን ግን እንቃወማለን።

ፔምበርተን ከተማ አጠገብ ያለው የግሎስተር ዛፍ ካሪ የሚባል የባሕር ዛፍ ዘር ሲሆን፣ አናቱ ላይ ያለው ማማ ከ50 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው። በ1947 እ.ኤ.አ. የተሠራው ለሽርሽር አልነበረም። አካባቢው የደኑን አናት ቁልቁል የሚያሳይ ተራራ ስለሌለው፣ ሰደድ እሳት የሚጠብቀው ሰው ዛፍ ላይ ይወጣ ነበር። 153 መርገጫዎች ግንዱን እየዞሩ ተሰክተዋል። በጎን የሽቦ መረብ አለ፤ በመርገጫዎቹ መካከል ግን ክፍት ነው፤ እግሩ የሳተ ሰው የሚተርፈው በእጁ ጥንካሬ ብቻ ነው።

የእኛ ቀረሮ ሌላ ነው። ከሥሩ እንደ ግድግዳ የሚወጡት ደጋፊ ሥሮች መርገጫውን ከመሬት ለመጀመር አያመቹም። የሚበቅለው እርጥብ ደን ውስጥ ስለሆነ ቅርፊቱን የዛፍ ሽበት ይሸፍነዋል። ብረት በተሰካበት ቀዳዳ ውሃ ይሰርጋል፣ ፈንገስ ይከተላል፣ እንጨቱ ከውስጥ ይበሰብሳል። መርገጫው ከውጭ ጠንካራ መስሎ ሥሩ ይላላል፤ ይህን በዓይን ማየት አይቻልም።

የጌራ ማር ቆራጮች ቀፎ የሚሰቅሉት ግንድ ሳይበሱ ነው። በዚያው መንገድ ጎብኚንም በገመድ ማውጣት ይቻላል። መጀመሪያ ግንዱ በእንጨት መዶሻ ይመታ፤ እንደ ከበሮ ካስተጋባ ይተው። ከዚያ ክብደት የታሰረበት ቀጭን ክር ከግንዱ አጠገብ፣ የሰው ጭን በሚያህል ሕያው ቅርንጫፍ ላይ ይወርወርና ዋናው ገመድ ይሳብበት። ገመዱ ቅርፊት በሚነካበት ቦታ ቆዳ ወይም ሸራ ይደረግ፤ አለበለዚያ ፍትጊያው ቅርፊቱንም ገመዱንም ይበላል። ጎብኚ ከመውጣቱ በፊት ሁለት ሰዎች አብረው ተንጠልጥለው ይፈትኑት። የሚወጣው ሰው የራስ ቁርና የወገብና የጭን ማሰሪያ ይልበስ፤ ሁለት መያዣ ይኑረው፤ አንዱን ሳያስር ሌላውን አይፍታ። ዝናብ በጣለበት ቀን መውጣት ይቅር። ቀፎ ያለበት ዛፍም አይመረጥ፤ ለጎብኚውም ለንቡም አደጋ ነው።

ከክፍያው ለደን አስተዳደር ማኅበራቱ፣ ለዋቡብ፣ የሚደርሰው ድርሻ ገመዱ ከመገዛቱ በፊት በጽሑፍ ይወሰን።

የደን ባለሙያዎች፣ ከጅማ